በአንድ ቆጣሪ ሦስት ጎጆ

ቆላማዋ ሳንጃ ውስጥ ባለ አንድ ግቢ አከራይና ሁለት ተከራይ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ እንበል። የወሩ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ አከራዩ ለሦስት ያካፍለዋል። የታሪፍ ማሻሻያው ድሃውን የሚጎዳበት መንገድ የሚታየው እዚህ ክፍፍል ላይ ነው።

የመብራት ታሪፍ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በ2011 የአራት ዓመት ማሻሻያ ተጀመረ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በ27 ሳንቲም ገደማ ሲቆይ፣ ከ500 በላይ ለሚጠቀመው ዋጋው ደረጃ በደረጃ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወሰነ። «የዓባይ ግድብ የኛ ሆኖ ዋጋ ለምን ይጨምራል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የዓባይ ውኃ አይገዛም፤ ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ማዕድ ቤት የሚዘረጋው መስመር፣ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው ግን ብዙ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋሉ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ በብር ሲሰላ ናረ። ስለዚህ ጭማሪው ምክንያት አለው። ጥያቄው ጫናው ማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው።

እናስላው። ሦስት አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ለቆላው ሙቀት ማራገቢያ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃቸዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት በወር 40 ያልፋል። ድምሩ 70 ገደማ ይሆናል። እንጀራ የሚጋግር ተራ ቤት ለድሃ ከተተወው እርከን ወጣ ማለት ነው።

በጋራ ቆጣሪ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ምጣድ የሌላቸው ሦስት ቤተሰቦች እንኳ ሠላሳ ሠላሳ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 90 ያነብባል። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቆጣሪ ቢሆኑ ከ50 በታች በቀሩ ነበር። ታሪፉ የሚያየው ቆጣሪውን እንጂ በሥሩ ያለውን ሰው አይደለም።

ሒሳቡ የከበደው ቤተሰብ ወደ እንጨትና ከሰል ይመለሳል። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲነሳ መጓጓዣ ስለተወደደ ከሰልም እፎይታ አይሰጥም። ደጋው ላይ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ ለማሳ ማዳበሪያ መሆን የነበረበት ኩበት ይነድዳል።

ጎረቤታሞች በአንድ በጋለ ምጣድ ተራ በተራ ቢጋግሩ ምጣዱን ደጋግሞ ለማጋል የሚባክነው ኃይል ይተርፋል። ይህ ግን ለዋናው መፍትሔ ምትክ አይሆንም። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው እርከን ለድሃ የተተወ ከሆነ፣ ተከራዩ በራሱ ስም ቆጣሪ ማግኘት አለበት። ያለዚያ የመብራት ድጎማው ደህና ገቢ ኖሮት ብቻውን ለሚኖረው ሰው ይደርስና አንድ ግቢ ውስጥ ተጠጋግተው የሚኖሩትን ያልፋቸዋል።