«ማን ይፈርም?» — በካራቆሬ ስለ ነጻ በረኞች የሚደረገው ክርክር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢትን አልፎ የይፋትን ቆላ ሲያቋርጥ ከሚያገኛቸው ከተሞች አንዲቱ ካራቆሬ ናት። የምድርን ነገር የሚያጠኑ ሰዎች ስሟን የሚያነሡት በ1953 ዓ.ም. በደረሰው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ እህል ነጋዴዎች ደግሞ በማሽላና በማሾ ያውቋታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ከነዚህ የቀለለ የሚመስለውን ነገር፥ ይኸውም የከተማይቱ የእግር ኳስ ደጋፊዎች በየክረምቱ የሚገጥሙትን ክርክር ነው። ካራቆሬ በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት ክለብ የላትም። ደጋፊዎቿ ግን ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ ስለ ኢትዮጵያ ቡና፥ ስለ ፋሲል ከነማ፥ አልፎም ስለ አርሴናልና ስለ ማንችስተር ዩናይትድ «ማን ይፈርም? ማን ይሰናበት?» እያሉ ሌሊቱን ያጋምሳሉ። ይህ ክርክር ከንቱ ወሬ አለመሆኑን፥ የራሱ ሥርዓት እንዳለው፥ ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ እንደ ጎደለው ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሀ) ነጻ ተጫዋች ማለት ምን ማለት ነው?

ነጻ ተጫዋች የሚባለው ከክለቡ ጋር የነበረው ውል ያለቀበትና ከወደደው ክለብ ጋር ሊዋዋል የሚችል ተጫዋች ነው። ይህ መብት በዓለም ላይ ያለ ሙግት አልተገኘም። በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ አንድ ክለብ የተጫዋቹን ውል በየዓመቱ በራሱ ፈቃድ ብቻ ሊያድስ ይችል ነበር። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. ግን አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ የተባሉ ሁለት ኳስ ወርዋሪዎች ጉዳያቸውን ፒተር ሳይትስ ለተባለው የግልግል ዳኛ አቅርበው ነጻ ናችሁ ተባሉ። በአውሮፓም ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ ቤልጅጋዊ የኳስ ተጫዋች ክለቡን ከስሶ በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ተፈረደለት፤ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ሲዛወር የቀድሞው ክለብ ዋጋ መጠየቁ ቀረ።

በአገራችን የሚደረገው ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር ብዙ ተጫዋች ነጻ ይሆናል፤ የደጋፊውም ክርክር ከሰኔ እስከ መስከረም የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም ነጻ ማለት በነጻ ማለት አይደለም። ለቀድሞው ክለብ ሳይከፈል የቀረው ገንዘብ በፊርማ ወይም በደመወዝ መልክ ለተጫዋቹ ይከፈላል።

ለ) ክርክሩ እንዴት ይካሄዳል?

ክርክሩ የሚደረገው በሻይ ቤት፥ ጫት በሚቃምበት ቤትና ጨዋታ በሚታይበት የቴሌቪዥን አዳራሽ ነው። በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ ለ5 ዓመት በ22.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በተደረገ ውል በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር፥ ስታዲዮም ገብቶ የማያውቀው የቆላ ደጋፊ ተጫዋቾቹን በዐይኑ አይቶ ለመፍረድ ቻለ። ከዚያ በፊት በሬዲዮና በወሬ ብቻ ይከራከር ነበር።

የአነጋገሩ ሥርዓት የጥንቱን «በላ ልበልሃ» ያስታውሳል። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው አቋርጦ «እንካ ስማ!» ይላል፤ ነገሩ ሲከር በሻይ ወይም በለስላሳ ይወራረዳሉ፤ ዳር የተቀመጠው ደግሞ ይፈርዳል። በሌላ ጉዳይ ወጣት በሽማግሌ ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በኳስ ነገር ግን «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ የሚሉት ሰው ጉልበቱ አልቋል» ብሎ ማፍረስ ይፈቀድለታል። አክብሮቱ በ«እርስዎ» ይጠበቃል፤ ፍርዱ ግን ለማስረጃ ይተዋል። ይህም ለልጅ እግሩ የሙግት ትምህርት ቤት ነው ለማለት ያስደፍራል።

በክርክሩ ውስጥ ሦስት መመዘኛዎች ይታያሉ። መጀመሪያው ጉድለት ነው፦ ቡድኑ የጎደለው ምንድን ነው? አጥቂ ሞልቶት ሌላ አጥቂ የሚያስፈርም ክለብ፥ ሞፈር ተሰብሮበት ቀንበር እንደሚገዛ ገበሬ ይቈጠራል። ሁለተኛው ማስረጃ ነው። በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ አስነድቶ እርምጃውን ያያል፤ ከማን በረት እንደ ወጣም ይጠይቃል። ደጋፊውም እንደዚሁ ዕድሜን፥ ጉዳትንና ያለፈውን ዓመት ጨዋታ ይመረምራል። ቍጥርም ይጠቀሳል፤ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል ማግባቱን የማያውቅ ተከራካሪ ጥቂት ነው። ሦስተኛው ዋጋ ነው፤ ስለዚህኛው በኋላ እንናገራለን።

ሐ) የበረኛው ጥያቄ

ከሁሉ ይልቅ ክርክሩ የሚከረው በበረኛ ላይ ነው። አጥቂ ሦስት ጊዜ ስቶ በአራተኛው ቢያገባ ይመሰገናል፤ በረኛ ግን ዘጠኝ አድኖ በዐሥረኛው ቢስት የሚታወሰው ዐሥረኛው ነው። ማስረጃውም አስቸጋሪ ነው። «ባለፈው ዓመት ጥቂት ጎል ብቻ ነው የገባበት» ለሚል ሰው፥ «ያልተተኰሰበት በረኛ ሁሉ ጎበዝ ነው» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ይህ መልስ ከቀልድ ያለፈ ቁም ነገር አለው፤ የገባውን ጎል ብቻ መቍጠር በረኛውን ከፊቱ ካሉት ተከላካዮች ለይቶ አያሳይምና።

እዚህ ላይ ደጋፊው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን ከውጭ የሚመጣ ነጻ በረኛ ይፈርም ይላል። ምስክሮቹም አሉት። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት በኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንግካራ ተማምኗል፤ በኋላም ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲን፥ ቀጥሎም ኡጋንዳዊውን ቻርለስ ሉክዋጎን አስፈርሟል፤ ሉክዋጎ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. ዋንጫውን አንሥቷል።

ሁለተኛው ወገን ግን «የኛ ልጅ መቼ ይልመድ?» ብሎ ይጠይቃል። በረኛ እንደ ሌላው ተጫዋች እየተቀያየረ አይሰለፍም፤ ሜዳ የሚገባው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የውጭው ሰው በቆመበት ክለብ ሁሉ አንድ የአገር ልጅ ዓመቱን በተጠባባቂ ወንበር ላይ ይጨርሳል። ለዚህም ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የሆነውን ያነሣሉ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ተመልሳ ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት በረኛው ጀማል ጣሰው ገና ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ተጠባባቂው ዘሪሁን ታደለ ገብቶ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ያን ዕለት አገሪቱ ሁለተኛ በረኛ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ታየ። ግብጽ የውጭ በረኛ በክለቦቿ እንዳይሰለፍ የከለከለችው ይህንኑ ፈርታ ነው።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ግማሽ ነው። ክለብ ለማሸነፍ የተቋቋመ ስለሆነ የተሻለውን መምረጡ አያስነቅፈውም፤ ነገር ግን የውጭ በረኛ ሲያስፈርም ሁለተኛው በረኛ ወጣት የአገር ልጅ እንዲሆንና በዓመቱ ውስጥ የታወቀ የጨዋታ ቍጥር እንዲሰጠው መወሰን ይችላል።

መ) የጎደለው ጥያቄ

አሁን ወደ ሦስተኛው መመዘኛ እንመለስ። ደጋፊው ዋጋን ሲያነሣ «ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» ይላል እንጂ «ከማን ኪስ?» ብሎ አይጠይቅም። በአገራችን ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብ ገንዘብ ነው። እንግዲህ የበረኛው ደመወዝ የሚከፈለው ኳስ አይታ ከማታውቀው ጉልት ነጋዴም ጭምር ነው።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ፌዴሬሽኑና ክለቦች መስማማታቸው ይህ ጭንቀት እውነተኛ መሆኑን ያሳያል። ይሁን እንጂ ደመወዝ የዘገየባቸው ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ የሚለው ዜና ከዚያም ወዲህ ተሰምቷል። በክረምት በእልልታ የፈረመ ተጫዋች በመጋቢት ደመወዙን እያሰበ በር ላይ ቢቆም፥ ጥፋቱ የእጁ ብቻ አይሆንም።

የካራቆሬ ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ብቻ አይመለከትም፤ በበጋ የሚያበላው ድርቆሽ መኖሩንም አስቀድሞ ያስባል። ድርቆሹን ሳያስብ የገዛ ሰው በሬውን በኪሳራ ይሸጣል። ደጋፊው ጉድለትንና ማስረጃን ለመመርመር ያሳየው ብልሃት የሚያስመሰግነው ነው። ይህንኑ ብልሃት ወደ ገንዘቡ ቢያዞረውና «ማን ይፈርም?» ከማለቱ በፊት «ለስንት ወር መክፈል እንችላለን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ክለቦቹ መልስ ለመስጠት በተገደዱ ነበር። ጠያቂ ያለው ክለብ ሒሳቡን ያሳያል፤ ጠያቂ የሌለው ግን በየክረምቱ አዲስ ፊርማ እያሳየ ያለፈውን ዕዳ ያስረሳል።

የወንድሞቻችንንና የእኅቶቻችንን አሳብ እንጠብቃለን። በየትውልድ ከተማቸው እንዲህ ያለውን ክርክር ቢመዘግቡልን፥ የቆላው ሙግት ከደጋው፥ የክፍለ ሀገሩም ከአዲስ አበባው በምን እንደሚለይ ለማነጻጸር ይቻላል።