ሳይነጋገሩ መስማማት

የጊዛን ታላቅ ፒራሚድ በአንድ ወቅት ያለበሰው ነጭ የኖራ ድንጋይ የተፈለፈለው ከዓባይ ማዶ ከቱራ ነበር፤ በጀልባ ተሻግሮ ነው የመጣው። በዚያው በቱራ በ1927 እ.ኤ.አ. የሲሚንቶ ኩባንያ ተቋቋመ። ዛሬ የሀረም ሰፈር ፎቆች እስከ ፒራሚዶቹ ግርጌ ተጠግተዋል፤ በዚያ አካባቢ አንድ ክፍል ለመጨመር ለሚያስብ ቤተሰብ የሲሚንቶ ዋጋ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ዋጋው ሲንር የግብፅ መንግሥት አዲሱን የውድድር ባለሥልጣን ጉዳዩን እንዲመረምር አዘዘ። ባለሥልጣኑ የተቋቋመው በ2005 በወጣው ሕግ ቁጥር 3 ነው። በነሐሴ 2008 የካይሮ ፍርድ ቤት 20 የሲሚንቶ ኩባንያ ኃላፊዎችን ዋጋ በመወሰን ጥፋተኛ ብሎ እያንዳንዳቸውን 10 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ቀጣ። ሕጉ ከዚያ በላይ መቅጣት አይፈቅድም ነበር፤ ጣሪያው በዚያው ዓመት ወደ 300 ሚሊዮን ከፍ አለ።

ግን ተፎካካሪዎች እንዴት ይተማመናሉ? ሌሎቹ ዋጋ አስወድደው ሲሸጡ፣ ቀድሞ ዋጋ የሰበረ ገዢውን ሁሉ ይወስዳል። ይህን ለመረዳት ተመራማሪዎች ገበያውን ወደ ሙከራ ክፍል አስገቡት።

በጥር 1950 በአሜሪካው ራንድ ተቋም ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር ሁለት ባልደረቦቻቸውን መተባበር ወይም መክዳት የሚመረጥበት አንድ ጨዋታ 100 ጊዜ አጫወቱ። ተጫዋቾቹ የምጣኔ ሀብት ሊቁ አርመን አልቺያንና የሒሳብ ሊቁ ጆን ዊሊያምስ ነበሩ። በእያንዳንዱ ዙር ጓደኛን መክዳት ይበልጥ ያዋጣል፤ ስሌቱ ሁለቱም ዘወትር እንዲካካዱ ይመክራል። እነሱ ግን በ60 ዙር ተባበሩ! በየዙሩ ሐሳባቸውን በጽሑፍ ያሰፍሩ ስለነበር ትብብሩ እንዴት እንደተወለደ ይታያል፤ አንዱ ሲከዳ ሌላው ይቀጣዋል፣ ከዚያ መልሶ እጁን ይዘረጋል። ቃል ሳይለዋወጡ፣ በድርጊታቸው ብቻ እየተማማሩ ሄዱ።

ተመራማሪዎቹ ሎሬንስ ፎሬከርና ሲድኒ ሲገል ጥያቄውን ወደ ሻጮች አመጡት። ተሳታፊዎቹን እንዳይነጋገሩ ለያይተው፣ የትርፍ ሠንጠረዥ ሰጥተው እንዲሸጡ አደረጓቸው። ሁለት ብቻ ሆነው አንዱ የሌላውን ትርፍ ሲያውቅ፣ አንዳንዶቹ ጥንዶች እንደ አንድ ሻጭ ዋጋ ሰቅለው ቆዩ። ሦስተኛ ሲገባ ይህ ዓይነቱ መግባባት እየራቀ ሄደ። ውጤቱ በ1963 በመጽሐፍ ታተመ። ከአርባ ዓመት በኋላ ሁክ፣ ኖርማንና ኦክስለር ሙከራውን አስፍተው ደገሙት፤ ሁለት ሻጮች አንዳንዴ ይግባባሉ፣ አራት ሲሆኑ ግን ፉክክሩ ያይላል።

ለእኔ የካይሮው ፍርድ ትርጉም የሚገለጥልኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሻጮች በዝምታ መግባባት ካቃታቸው መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል። የተነጋገረ ደግሞ ምስክር፣ ወረቀት፣ ቀጠሮ ይተዋል። የውድድር መርማሪ ስብሰባ ፈልጎ የሚባዝነው በዚህ ምክንያት ነው።

በጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ ራይንሃርድ ዜልተንና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1997 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎቻቸው የሁለት ሻጮችን ስልት በኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲጽፉ አደረጉ። ልምድ ያካበቱት ተማሪዎች የተፎካካሪያቸውን ቀጣይ እርምጃ ለመተንበይ አልደከሙም። ለሁለቱም ፍትሐዊ የመሰላቸውን ነጥብ መርጠው፣ ሌላው ወደዚያ ሲጠጋ እነሱም ተጠጉ፤ ሲርቅ በዚያው ልክ ራቁ።

በ2020 የታተመው የኤሚሊዮ ካልቫኖና የባልደረቦቹ ጥናት ሰውን ጭራሽ ከጨዋታው አወጣው። ስለ ገበያው ምንም ያልተነገራቸው፣ ከሙከራና ከስህተት ብቻ የሚማሩ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ዋጋ እየተመኑ እንዲፎካከሩ ተደረገ። ከብዙ ዙር በኋላ ዋጋው በውድድር ከሚኖረው በላይ ከፍ ብሎ ረጋ። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው አንዱን ዋጋ ሲያሰብሩት ሌላው ወዲያው ዋጋውን ጥሎ ቀጣው፤ ከዚያ ሁለቱም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ዋጋ ተመለሱ። ይቅርታውን ጭምር ማንም ሳያስተምራቸው ተማሩት። ሦስትና አራት ሆነው ሲጫወቱም ትርፉ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 813/2006 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በነጋዴዎች መካከል የሚደረግ ስምምነትንና የተቀናጀ ድርጊትን ይከለክላል። የሲሚንቶ ዋጋ አዲስ አበባም ውስጥ ስንቱን ግንባታ እንዳስቆመ ለሚያውቅ ሰው ይህ አንቀጽ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ፕሮግራሞች ያለ ስብሰባና ያለ ስልክ ከደረሱበት ዋጋ ፊት ግን፣ ዳኛው ስምምነቱን የት ብሎ ይፈልገዋል?