«ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተይዟል» ሲባል ስልክ አይደወልም

ከሥራ መልስ የአገር ቤት ዜና ለማየት ኮምፒዩተር የተከፈተበት ቤት ሁሉ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ስክሪኑ በድንገት ይቀላል፤ እንደ ጡሩምባ ያለ ድምፅ ይጮኻል፤ «ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተይዟል፤ አያጥፉት፤ በዚህ ቁጥር ቶሎ ይደውሉ» የሚል ጽሑፍ በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይመጣል። በዙሪክ ላንግሽትራሰም ሆነ በጄኔቭ የሚኖር፣ ቋንቋውን ገና በመልመድ ላይ ያለ ወገን ግማሹን ብቻ ሲያነብ ይበልጥ ይደነግጣል። አጭበርባሪዎቹ የሚፈልጉትም ድንጋጤውን ነው።

ያ ቀይ ገጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም፤ እንደማንኛውም ማስታወቂያ የተከፈተ የኢንተርኔት ገጽ ነው። ማይክሮሶፍት ደጋግሞ እንዳስታወቀው የኩባንያው እውነተኛ ማስጠንቀቂያ የስልክ ቁጥር የለውም። በቁጥሩ የደወለ ሰው ትሁት «ቴክኒሻን» ያገኛል። ሰውየው ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪውወር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ ይላል። ፕሮግራሞቹ ሕጋዊ ናቸው፤ ነገር ግን ለማያውቁት ሰው እነሱን መክፈት የቤት ቁልፍ እንደማስረከብ ነው። ከዚያ በኋላ ለእናት ሊላክ የተቀመጠው ፍራንክ ከባንክ ሲወጣ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል።

ገጹ አልዘጋ ካለ ኤስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው። እምቢ ካለም ኮምፒዩተሩን በማብሪያና ማጥፊያው ማጥፋት ይቻላል። እንደገና ሲበራ «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ቢል አለመፍቀድ ነው።

ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ግን ገንዘብ ፈላጊ ብቻ አይልከውም። የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደተጠመዱ ገልጧል። በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ይመሩ ለነበሩት ለአቶ ጃዋር መሐመድና ለሌሎችም ኢሜል ይደርሳል። መልእክቱ የታወቀ የቪዲዮ ድረ ገጽ ወደሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ይወስዳል፤ ገጹም «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽን ያድሱ» ይላል። የሚጫነው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም ነበር። መርማሪዎቹ ከበስተጀርባው የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች መኖራቸውን የሚያመለክት ማስረጃ እንዳገኙ ጽፈዋል። ከዚያ ቀደም በዲሴምበር 2013 በቤልጅየምና በቨርጂኒያ ለነበሩ የኢሳት ሠራተኞች ሰነድ የሚመስል ፋይል ተልኮ ነበር፤ እሱም የስለላ ፕሮግራም የያዘ ነው።

«እኔን ማን ይሰልላል? ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» የሚል ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ የዘመድ ስም፣ ፎቶግራፍና ስልክ፣ የስደት ጉዳይ ወረቀት ሁሉ ይገኛል። ፋይሉን ከፍቶ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት ያለውም አብሮ ነው።

ፍላሽ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቆሟል። ዛሬ «ፍላሽን አድስ» የሚል ሁሉ ውሸታም ነው ማለት ይቻላል። የአማርኛ መጻፊያም ከማይታወቅ ቦታ ማውረድ አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ ውስጥ አለ። የቫይረስ መከላከያውም እንዲሁ አብሮ የመጣ ነው፤ በነፃ ይሠራል፣ ማደስ ብቻ ይፈልጋል። ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉ ግን መደበኛው ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱን ይወቁ። ፎቶና ሰነድ በውጭ ዲስክ ገልብጦ፣ ዲስኩን ነቅሎ ማስቀመጥም ደግ ነው።

ቀድሞ የተታለለ ሰው በሐፍረት ዝም ይላል፤ ሌባውን የሚጠቅመው ይኸው ዝምታ ነው። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን መንቀል፣ ወዲያው ባንክ መደወል፣ የይለፍ ቃሎችን በሌላ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ መለወጥ፣ ቀጥሎም ለካንቶኑ ፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው የስዊስ ፌዴራል የሳይበር ደኅንነት ቢሮም ጥቆማ በኢንተርኔት ይቀበላል። ቋንቋው የሚያስቸግረው ሰው ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ የሚችል ልጅ ወይም ጎረቤት ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ ይሻላል፤ የከፈለበትን ደረሰኝና የደወለበትን ቁጥርም ሳያጠፋ ይያዝ።