ገጠር ለማደር ለሚያስቡ

በአገራችን ገጠር እንግዳ ዋጋ አይጠየቅም። መደቡ ላይ ያለው አጎዛና ቁርበት ለእርሱ ይነጠፋል፣ ባለቤቶቹ መሬት ላይ ይተኛሉ። ለዓውደ ዓመት የተቀመጠችው ዶሮ ቀኗ ሳይደርስ ልትታረድ ትችላለች። ይህ ደግነት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ዛሬ የተቀበለ ነገ በተራው ሰው አገር ሲመሽበት ይቀበሉታል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን የመጣ ጎብኚ ግን ብድሩን የሚመልስበት አጋጣሚ የለውም። አስተናጋጁም ቢቸገር እንኳ “ይበቃኛል” ወይም “ይህን ያህል ክፈለኝ” ለማለት ያፍራል። በገጠር ቱሪዝም ሊታሰብበት የሚገባው ትልቁ ጉዳይ፣ በእኔ እምነት፣ ይኸው ነው። አስተናጋጁ ልኩን ስለማይናገር ልኩን የሚያስቀምጥ አሠራር ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ አሠራር በላሊበላ ዙሪያ አለ። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ “ተስፋ” በሚል ስም የሚታወቅ የማኅበረሰብ ቱሪዝም ፕሮጀክት ተጀመረ። እንደ መቋት ማርያም ባሉ ገደል አፋፍ ላይ በሚገኙ መንደሮች በድንጋይና በሣር ክዳን የእንግዳ ጎጆዎች ተሠሩ። የጎጆዎቹ ባለቤት አንድ ባለሀብት አይደለም፣ የመንደሩ ሕዝብ ነው። ሕዝቡ የመረጠው ኮሚቴ ሥራውን ይመራል፤ ምግብ የምታበስለው፣ ዘበኛው፣ ሻንጣ በአህያ የሚጭነው ሁሉ የአካባቢው ሰው ነው። እንግዳው ዋጋውን አስቀድሞ በማስያዣው ቢሮ በኩል ከፍሎ ይመጣል። ስለዚህ መንደር ሲደርስ ማንም ፊት ለፊት ገንዘብ አይጠይቀውም፤ አስተናጋጁ ከኀፍረት ይድናል፣ ደጅ ላይ የሚደረግ ክርክርም አይኖርም።

ጎጆው ከገበሬው ቤት ተለይቶ መሠራቱም ትልቅ ጥቅም አለው። እንግዳ በሰው ቤት ሲያድር ሸክሙ የሚወድቀው በሴቲቱ ላይ ነው። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ እንጀራ የምትጋግረው እርሷ ናት፤ የቤቱ ሥራና የልጆቹ ጉዳይም አይቀርላትም። ጉልበቷ በደመወዝ የተቆጠረ ሥራ ሲሆን ግን ገንዘቡ በስሟ ይገባል። ቤተሰብ ውስጥ ማደር ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አቅራቢያ ባለው የዶርዜ መንደር፣ በቀርከሃ ከተሠሩት ረጃጅም ቤቶች አጠገብ አድሮ የእንሰት ቆጮ ሲጋገርና ጋቢ ሲሸመን ማየት የሚረሳ አይደለም። ነገር ግን ክፍያው ለማን እንደሚደርስና ተራው ለሌሎች ቤቶችም እንደሚዳረስ መጠየቅ ይገባል፤ አለበለዚያ መንገድ ዳር ያለው አንድ ቤት ሲበለጽግ ጎረቤቱ ቂም ይይዛል።

በተስፋ መንደሮች እንግዶች በትናንሽ ቡድን መምጣታቸው ለእንግዳው ምቾት ብቻ ተብሎ የታሰበ አይደለም። የመቄት አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በበጋ ውኃ ከሩቅ ምንጭ በእንስራና በጀሪካን ይመጣል፣ የማገዶ እንጨት ብርቅ ነው። አምስት ሰው ሲታጠብ የሚፈሰውን ውኃ መንደሩ ይችለዋል። ሠላሳ ሰው በአንድ አውቶቡስ ቢመጣ ግን የከብቱን ድርሻ ይጠጣል። የመንዝ ሰዎች ሀብትን በልክ መጠቀምን ከቱሪዝም በፊት ያውቁታል። የጓሳን ሣር “ቄሮ” በሚባለው ሥርዓታቸው ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ከፍተው በጋራ ያጭዱ ነበር። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚያየው የዚያን ልክ የማወቅ ፍሬ ነው።

ልክ ሲጠፋ የሚሆነውን በታችኛው ኦሞ እናያለን። ወደ ሙርሲ መንደሮች የሚሄዱ መኪኖች ለአጭር ጊዜ ቆመው ይመለሳሉ፣ ክፍያውም በፎቶ ብዛት ይቆጠራል። ሰው ካሜራን ለመሳብ ሲል ራሱን ከልማዱ ውጭ ያስጌጣል፣ ጎብኚውም ሳያነጋግረው ይሄዳል። ይህን ነገር ሰውን የሚያዋርድ ንግድ እለዋለሁ፤ ጥፋቱም የሙርሲዎቹ አይደለም።

መንደሩ ከደረሱ በኋላ የሚጠበቅብዎ ምግባር ከባድ አይደለም። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ሰላም ይበሉ፣ ያስፈቅዱ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማዎን ያውልቁ፣ ነጠላ ይያዙ። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወራትም፣ የጾም ምግብ መቅረቡን አውቀው ይሂዱ፤ ሥጋ ይሠራልኝ ማለት ቤቱን ያስጨንቃል። ለልጆች ከረሜላና ብር መንገድ ላይ አይስጡ፤ ትምህርት ቤት ትተው ቱሪስት መጠበቅ ይለምዳሉ። መርዳት ከፈለጉ በኮሚቴው ወይም በትምህርት ቤቱ በኩል ያድርጉት። የደጋው ሌሊት ብርዱ ብርቱ ስለሆነ ወፍራም ልብስ አይርሱ።

በ2013 ዓ.ም በትግራይ የተጀመረው ጦርነትና በኋላም በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የመቄትን መንደሮች ክፉኛ ጎድተዋቸዋል፤ እንግዳ ሲጠፋ የአብሳይዋም የአህያ ጫኙም ገቢ ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ የአካባቢውን ጸጥታ ያጣሩ። ከዚያም ከመክፈልዎ በፊት አስጎብኚውን ይጠይቁ፦ ቤቱ የማን ነው? ከከፈልኩት ስንቱ በመንደሩ ይቀራል? በአንድ ሌሊት ስንት ሰው ትቀበላላችሁ? አጥርቶ የማይመልስልዎትን ትተው ሌላ ይፈልጉ።