የተፋቀው ስም

«የሃይድን ሴሬናድ» የሚባለውን ዜማ ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ዜማ የሚገኘው ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ ከተደረሱ ስድስት ሥራዎች በአምስተኛው ውስጥ ነው። ስድስቱንም ባዩ የተባለ የፓሪስ አሳታሚ በ1777 እ.ኤ.አ. በሃይድን ስም አወጣቸው። የሃይድን ተማሪ ፕሌዬልም ከመምህሩ ሥራዎች ጋራ ደመራቸውና ነገሩ በዚያው ጸና። ይሁን እንጂ በሃይድን እጅ የተጻፈ ዋና ቅጂ አልተገኘም።

በ1964 እ.ኤ.አ. ታይሰንና ላንደን የተባሉ ሊቃውንት የጥንቱን እትም ቢመረምሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥራዎች ላይ አስቀድሞ ሌላ ስም ተቀርጾ እንደ ተፋቀ አዩ። ስሙም ሆፍሽቴተር ይላል፤ ይኸውም በጀርመን አገር በአሞርባኽ ገዳም የነበረ፣ ሃይድንን እጅግ የሚያደንቅ መነኩሴ ነው። ለቀሩት ለአራቱ፣ ለሴሬናዱም ጭምር፣ እንዲህ ያለ ምልክት የለም፤ ግምቱ ግን ወደ እርሱ ያደላል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የወደድነው ዜማውን ከሆነ ምንም አልጎደለብንም፤ ስሙን ከሆነ ግን ራሳችንን እንመርምር። የመነኩሴውን ድካም ለመነኩሴው መመለስም የተማረ ሰው ዕዳ ነው።