ታድሶ አልነሣም ያለ ሞተር

ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ እግር ታክኮ ወደ ነፋስ መውጫ የሚወጣውና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚገባው ጐዳና፣ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ሺህ ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ የተሻገሩትን የጋይንትን ምድር የሚያቋርጥ፣ በደርግ ዘመንም ቻይናውያን መሐንዲሶች ለተሽከርካሪ ያቀኑት መንገድ ነው። ዳገትና ሸክም ተለይተውት አያውቁም። ከዚሁ ጐዳና ወደ ደቡብ የሚገነጠሉት መንገዶች ወደ አርብ ገበያ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ስማዳ ወገዳ፣ በደብረ ታቦር በኩል ደግሞ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ያደርሳሉ፤ የድጓ መምህራን የሚመሰክሩባት ቤተ ልሔምም በዚሁ በጋይንት አገር ትገኛለች። እህሉን፣ ነጋዴውን፣ በሽተኛውንና መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ለትምህርት የሚጓዘውን ደብተራ ሁሉ የሚያመላልሱት ሃይሩፍ ሚኒባሶችና አይሱዙዎች ስለ ሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ ታሞ ጋራዥ ሲገባ ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የገበያተኛውም ይሆናል።

መኪና ታሞ መግባቱስ ያለ ነው። የሚያስደንቀው ግን እያነከሰም ቢሆን በራሱ ጉልበት ጋራዥ የገባው መኪና፣ ሞተሩ ወርዶ፣ ቴስታታው ተልጎ፣ ፒስተኑ አዲስ ፋሻ ለብሶ፣ ጓርኒሲዮኑ ተለውጦ፣ ቡሎኑ ሁሉ በየቦታው ተጠብቆ፣ ባለቤቱም ሒሳቡን ከፍሎ ቁልፉን ባዞረ ጊዜ፣ «ከቶ አልነሣም» ማለቱ ነው። በዚያች ሰዓት ባለቤቱ መካኒኩን ይጠረጥራል፤ መካኒኩ ፖምፓውን ይጠረጥራል፤ ረዳቱ ደግሞ «እንግፋው» ይላል። ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ ወደ እውነቱ የሚቀርበው፣ ቢመርም፣ የባለቤቱ ጥርጣሬ ነው። ከመፈታቱ አስቀድሞ ይሠራ የነበረ ሞተር ከተገጠመ በኋላ እንቢ ካለ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው የዕቃ ማርጀት ሳይሆን የእጅ ሥራ ነውና፤ አንዱ ተፈትቶ ሳይታሰር ቀርቷል፣ አንዱ ተገልብጦ ተገጥሟል፣ ወይም አንዱ ካለ ቦታው ገብቷል። ስለዚህም ምርመራ የሚጀመረው ዋጋው ከከበደው ዕቃ ሳይሆን እጅ በመጨረሻ ካረፈበት ስፍራ ነው።

ሞተር ምን ምን ሲያገኝ እንደሚነሣ ያላወቀ ሰው ምን እንደ ጐደለው ሊያውቅ አይችልም። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር እስከ ዛሬ በሥርዓቱ ጸንቶ ይኖራል፤ ፒስተኑ ወርዶ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ወጥቶ ይጨምቃል፣ እሳት ሲነሣ በኃይል ተገፍቶ ይወርዳል፣ ዳግመኛ ወጥቶ ጢሱን ያስወጣል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ለፍሬ ያበቃው ሞተር ግን ካንዴላ የሚጭረውን እሳት አይሻም፤ አየሩን ብቻውን ወደ ሃያ እጅ ያህል ጨምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ያግለውና በዚያ ግለት ላይ ናፍጣውን ሲረጭበት በራሱ ይነድዳል። እንግዲህ አየር፣ ነዳጅ፣ ጭመቃና በጊዜው የመጣ እሳት ከተሟሉ ሞተር የማይነሣበት ምክንያት የለውም፤ ከእነርሱ አንዱ ሲታጣ ግን ሌሎቹ ምሉዓን መሆናቸው አንዳች አይረባውም።

ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ሞተሩ ቁልፉ ሲዞር ይሽከረከራል ወይስ አይሽከረከርም? የዳሽቦርዱ መብራት ቦግ ብሎ በርቶ፣ ቁልፉ ሲዞር ግን ከኮፈኑ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ ባትሪው ደክሟል ብሎ ወደ ገበያ መሮጥ ችኩልነት ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን ወደሚያዞረው ማስነሻ፣ የሚሄደው ኃይል በሞተሩ ብረት በኩል ዞሮ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት፤ ሞተሩ ግን ንዝረቱ ወደ አካሉ እንዳያልፍ በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ የሚመለስበት መንገድ መካኒኮቻችን በጣሊያንኛ ስሙ ማሳ የሚሉት ወፍራም ገመድ ብቻ ነው። ሞተር ሲወርድ ይህ ገመድ ከፊተኞቹ ጋር ይፈታል፤ ሞተር ሲገባ ደግሞ ከቀለም አዲስነትና ከሥራው ማለቅ ደስታ የተነሣ ከጐን ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ወይም አዲስ በተቀባ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ቀለም ደግሞ ኃይል አያሳልፍም። መንገድ ያጣው ኃይል በቀጭኑ የነዳጅ መስጫ ሽቦ በኩል ሊያልፍ ሲታገል ሽቦው እስኪጢስ ድረስ የሚግልበት ጊዜ አለ፤ ይህን ያየ መካኒክ ሌላ ምልክት አያሻውም። መፈተኛው ቀላል ነው። ባትሪ ለባትሪ ከሚያበዳድሩበት ወፍራም ገመድ አንደኛውን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሁለተኛውን ባልተቀባ የሞተሩ ብረት ላይ ማሰርና ቁልፉን ማዞር ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሪኖው ከዞረ ጥፋተኛው ታወቀ። ጤነኛ የ12 ቮልት ባትሪ ዐርፎ ሳለ 12.6 ያህል ያሳያል፤ ሞተሪኖ ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ያን ጊዜ በእውነት ባትሪውን መጠርጠር ይገባል።

በነፋስ መውጫ ሞተር የማስነሣቱ ጉዳይ ከቆላ ይልቅ ይጠነክራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአሥር ሰባት እጅ ያህሉ ብቻ ነው፤ የማለዳው ብርድ ደግሞ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፣ ዘይቱን ያወፍራል፣ የተጨመቀውንም አየር ያቀዘቅዛል። ስለዚህም ባሕር ዳር ላይ በመጀመሪያው ዙር ይነሣ የነበረ የናፍጣ ሞተር፣ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ አንድ ሽቦ ሳይገጠምላቸው ከቀረ፣ ነፋስ መውጫ ላይ ነጭ ጢስ እያስወጣ ሲለምኑት ይውላል። ነጭ ጢሱ ግን በጎ ዜና ነው፤ ናፍጣው ደርሷል፣ እሳቱ ብቻ ቀርቷል ማለት ነውና።

ጢስ ጨርሶ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። የሚበዛው ምክንያት በቱቦው ውስጥ የገባ አየር ነው፤ ናፍጣ አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህም ፖምፓው በትጋት ቢገፋም አየሩ እየተኮማተረ ግፊቱን ይውጠዋል፣ ኖዝሉም አይከፈትም። ልባም መካኒክ በፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ጠንክሮ እጁን እስኪመልስበት ድረስ ደጋግሞ ይጫናል፤ ቀጥሎም የኖዝሎቹን ቱቦዎች ዳዶ ከላይ አንድ ዙር ያህል አላልቶ ረዳቱን «አዙር» ይለዋል። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ ተደባልቀው ይወጣሉ፣ በመጨረሻ የጠራ ናፍጣ ብቻ ሲንጠባጠብ ዳዶው ይጠበቃል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እንደ ተጠበቀም ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ይነሣል። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል ከ15 ሰከንድ በላይ አያዞሩትም፤ ናፍጣው ሲረጭ ቆዳ የመብሳት ኃይል ስላለውም እጅን ወደ ኖዝል አያስጠጉም። ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዲት ጠብታ ካልወጣች፣ ከፖምፓው ጀርባ ወዳለችው አንዲት ቀጭን ሽቦ መመልከት ነው። በብዙዎቹ የሃይሩፍ ሞተሮች ናፍጣውን የሚከፍተውና የሚዘጋው መዝጊያ በዚህች ሽቦ በሚመጣ ኃይል ይሠራል፤ ቁልፉ ሲከፈት ጣት ቢያሳርፉበት «ጢቅ» ሲል ይሰማል። ሽቦዋ ሳትሰካ ቀርታ ደኅናውን ፖምፓ አውርደው ወደ ጐንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ የላኩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ለእኔ ከዚህ የከፋ የገንዘብ ብክነት በጋራዥ ውስጥ የለም።

የቤንዚን ሞተር ፈተና ከዚህ ይለያል፤ እርሱ የሚስተው በእሳቱ ተራ ነው። በብዙዎቹ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ሲሆን፣ የካንዴላ ገመዶች ተለዋውጠው ከተሰኩ እሳቱ አየር መሳቢያው ገና ክፍት ሳለ ስለሚደርስ ሞተሩ በአየር ማስገቢያው በኩል ይተኩሳል፣ ወይም በማርሚታው ያፈነዳል። ቴስታታው ወርዶ ሳለ ቆሻሻ እንዳይገባ ተብሎ በቀዳዳው የተወተፈው ጨርቅ በዚያው ተረስቶ ሞተሩ ትንፋሽ ያጣበትም አጋጣሚ አለ። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት የዛሬ መኪናዎች ደግሞ የኮሎውን (የክራንክሻፍቱን) ዙር የምትለካው መቁጠሪያ ካልተሰካች እሳትም ነዳጅም ይከለክላሉ፤ ለእነርሱ የመመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚረቀው የጊዜው ነገር፣ መካኒኮች ታይሚንግ የሚሉት ነው። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በናፍጣ ሞተር ላይ ፖምፓውም ከእነርሱ ጋር ተቆራኝቶ ይዞራል፤ ፋብሪካውም እንዲገናኙ በየጥርሱ ላይ ምልክት ቀርጾባቸዋል። በቅዱስ ያሬድ ድርሰት ላይ ከይዘት እስከ ቁርጥ ያሉት የዜማ ምልክቶች፣ በትውፊት እንደሚነገረው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ከተሠሩ ወዲህ፣ ድጓ የሚገለብጥ ጸሐፊ ፊደሉን አንዲት ሳያጐድል ጽፎ ምልክቱን ከአንዱ ፊደል ወደ ጐረቤቱ ቢያሻግረው፣ መጽሐፉ ለዐይን ምሉዕ ሆኖ ሳለ በቤተ ልሔም መምህራን ፊት አይቆምም፤ ሞተርም እንዲሁ ዕቃው ሁሉ አዲስ ሆኖ በአንድ ጥርስ መዛነፍ ይሰነካከላል። በአንድ ጥርስ ቢዛነፍ በጭንቅ ይነሣል፣ ጉልበትም አይኖረውም፤ በብዙ ከተዛነፈ ግን ፒስተኑ ከቫልቩ ጋር ይጋጫል፣ የታደሰውም ቴስታታ ዳግመኛ ይወርዳል። ሞተሪኖው ሲያዞረው ያለ ወትሮው ፈጥኖና ልሙጥ ሆኖ የሚሽከረከር ሞተር ጭመቃውን ያጣ ነውና ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ጠንቃቃ መካኒክ ሞተሪኖውን ከመንካቱ በፊት በኮሎው ቡሎን ላይ መፍቻ አግብቶ ሁለት ሙሉ ዙር በእጁ ያዞርና ምልክቶቹ ዳግመኛ ፊት ለፊት መገናኘታቸውን ያያል።

«እንግፋው» የሚለው ምክር አደጋው ከዚህ ይነሣል። አገሩ ቁልቁለት ስለማያጣ መኪናን ገፍቶ ማስነሣት በእኛ ዘንድ የተወደደ ልማድ ነው፤ ለደከመ ባትሪም ይረዳል። ከጥገና ለወጣ ሞተር ግን ታይሚንጉ ሳይረጋገጥ ቢገፉት ቁልቁለቱ ቫልቩን ያጣምማል፤ በጓርኒሲዮኑ በኩል ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነም ውሃ የማይጨመቅ ስለ ሆነ የፒስተኑን ክንድ ያጥፈዋል። በእጅ አልዞርም ያለ ሞተር በጉልበት አይዞርም፤ ካንዴላው ወይም ኖዝሉ ወጥቶ ውሃው መፍሰስ አለበት።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ መኪናዎ ታድሶ እንቢ ካለዎት ሌላ ጋራዥ ሳይፈልጉ የፈታውን ሰው ራሱን ይጥሩና ምን ምን እንደ ፈታ በቅደም ተከተል ያስቆጥሩት፤ አዲስ ፖምፓም ሆነ አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ አስቀድሞ ማሳውንና ከፖምፓው ጀርባ ያለችውን ያችን ቀጭን ሽቦ በዐይንዎ ይዩ። ገበያው ነገ ነው ብለው አያስቸኩሉት። በተነሣም ጊዜ ነዳጅ አብዝተው አያስጩኹት፤ ቀዩን የዘይት መብራት ይመልከቱ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ግን ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ።