እስቲ ምላስዎን ያውጡ

ብርድ የመታው ልጅ ከንፈሩ ሐምራዊ ይሆናል፤ ጋቢ ደርበው ትኩስ ነገር ካጠጡት ወዲያው ይመለሳል። ሐኪሞች ሳያኖሲስ የሚሉት የሰውነት መጥቆር ሁልጊዜ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ለዚህ ነው ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሲመጣ ከጣቱ ይልቅ ምላሱን ማየት የሚፈልጉት።

ደም ደማቅ ቀይ የሚሆነው በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲሸከም ነው፤ ሲያራግፈው ይጠቁራል። የጠቆረው ሄሞግሎቢን በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 5 ግራም ሲጠጋ ቆዳው ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ መልክ ይይዛል። ሉንድስጎርድ የተባለ ተመራማሪ ይህን ያሳየው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ ስሌት ታዲያ አንድ ክፉ ነገር ይመጣል፦ ብርቱ ደም ማነስ ኖሮበት ጠቅላላ ሄሞግሎቢኑ 6 ግራም ብቻ የሆነ ሰው ኦክስጅን አጥሮት እያጣጣረ እንኳ ላይጠቁር ይችላል። የሚጠቁር ደም የለውማ!

እጅና እግር ብቻ ሲጠቁር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ብርድ ወይም የደም ዝውውር መዘግየት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃንም መዳፉና እግሩ ለአንድ ቀን ያህል ቢጠቁር አያስደነግጥም፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በአፕጋር መመዘኛ ከ10 ዘጠኝ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ የቀለም ነጥብ ነው። ምላስ ግን ሞቃት ነው፣ ደምም አያጣም። እሱ ከጠቆረ ደሙ ከልብ ሲወጣ ጀምሮ ጥቁር ነበር ማለት ነው። ጥፋቱ ሳንባ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ከባድ የሳንባ ምች፤ አለዚያም ከልደት ጀምሮ ያለ የልብ ችግር። ፋሎ በተባለው የልብ ችግር የተያዘ ልጅ ትንሽ ሮጦ ሲደክመው ቁጢጥ ይላል። ስንፍና እንዳይመስልዎት፤ ቁጢጥ ሲል ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ይጨምርለታል።

በተፈጥሮው ጥቁር በሆነ ቆዳ ላይ ይህ ሁሉ ፊትን በማየት ብቻ አይገኝም። ምላስ፣ ድድና የከንፈር ውስጠኛው ክፍል በቀን ብርሃን መታየት አለባቸው። ጣት ላይ የሚሰካው ኦክስጅን መለኪያም እንደ ቆዳው ቀለም ይሳሳታል። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካነበበላቸው ጥቁር ሕሙማን በ11.7 በመቶው ትክክለኛው መጠን ከ88 በታች ነበር፤ በነጮቹ ግን 3.6 በመቶ ብቻ።

የከሰል ጭስ ደግሞ ዓይንንም መሣሪያውንም ያታልላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘው ሄሞግሎቢን ቀይ ስለሆነ የታፈነው ሰው አይጠቁርም፤ መለኪያውም ደህና ነው ይላል። ከሰል በተቀጣጠለበት ዝግ ቤት አድሮ ራሱን ያመመውንና ያጥወለወለውን ሰው ከንፈሩ ቀላ ብለው አይተዉት፤ ቶሎ ወደ አየር አውጥተው ሐኪም ቤት ያድርሱት።